አደራ ተቀባይ የሌለው ቤት

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው፤ ጸጉራችን ሸብቶ፣ ዓይናችን ደክሞ፣ ብሩሹን ግን ገና ላላስቀመጥነው። ወጣቶቹ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ነገር ግን እነሱ ከስልክ ጋር ስላደጉ የሚጎዱበትም የሚድኑበትም መንገድ ከእኛ ይለያል። እኔ የምፈራው ለእኛ ነው።

ሰሞኑን ከመካከላችን ብዙ ሰው፣ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ወደሚለጥፉባቸው የኢንተርኔት ማኅበሮች እየገባ ነው። አንዱን ልጁ ከዋሽንግተን ደውላ «አባዬ፣ ሥራህ እስከ መቼ ሳሎን ውስጥ ታፍኖ ይቀራል?» ብላ አካውንት ከፍታለታለች። ሌላዋን የቀድሞ ተማሪዋ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ስልኳን ተቀብሎ፣ ግድግዳው ላይ ያለውንም አልጋ ሥር ያለውንም በአንድ ከሰዓት አንስቶ ለጥፎላት ሄዷል። ሁለቱም ያደረጉት በቅን ልብ ነው። እኔንም «አንተስ ምን ትላለህ፣ እንግባ ወይስ ይቅርብን?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ።

ግቡም አትግቡም አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ቦታዎች ማሳያ ናቸው። ማኖሪያ ሆነው አያውቁም፣ እንዲሆኑም አልተሠሩም። ማሳየትንና አደራ መስጠትን ሳትለዩ ከገባችሁ፣ ሠርተን እንደነበር የሚመሰክርልንን ጥቂት ነገር በገዛ እጃችን እናጠፋለን።

ነገሩ ከሌላው ይልቅ እኛን ለምን እንደሚያሰጋ ታውቁታላችሁ። እኛ ሥዕል ሸጠን ፎቶውን ያላስቀረን ትውልድ ነን። አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት ትምህርት ቤት የወጣነውም ሆንን ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠን የተማርነው፣ መሳሉን ተክነንበታል፤ መዝግቦ ማኖሩን ግን ልማድ አላደረግነውም። የኤምባሲ ሠራተኛ ይመጣል፣ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያ ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አይቶ ይስማማል። ሸራው ከተወጠረበት እንጨት ይነቀላል፣ ይጠቀለላል፣ በሻንጣ ይሄዳል። ፊልም ውድ ነበር፣ ማሳጠቢያውም እንደዚያው። ካሜራ ያለው ወዳጅ ከተገኘ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይነሳል፤ ካልተገኘ ይቀራል። የገዢው ስም በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ይጻፍና ፓኮው ይጠፋል። ዛሬ ከመካከላችን «ከ1970 በፊት የሠራሃቸውን አሳየኝ» ቢባል አሥር ሥዕል በማስረጃ ማቅረብ የሚችል ስንት ሰው አለ?

ይህ ዕጣ ስም ያላቸውንም አልማረም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት ያረፈው ኦክላሆማ ውስጥ፣ ሎውተን በምትባል ከተማ ነው። ከሥራዎቹ ከፊሉ ከጀርመን ተመልሶ ስድስት ኪሎ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም እስኪታይ ድረስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የእስክንድር ቦጎሲያን «የጁጁ ሠርግ» ኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባ ተማሪ ሥዕሉን የሚያውቀው በፎቶ ነው። እንግዲህ የእነሱን የሚፈልግ፣ የሚያጠና፣ የሚከራከርላቸው ሰው ነበር። የእኔን ወይም የአንተን ማን ፈልጎ ያመጣዋል?

«ለጥፈው፣ ከዚያ ለዘላለም ይቀመጣል» ሲሉን ልባችን ቶሎ የሚሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው። የዕድሜ ልክ ቁጭት የሚያክም መድኃኒት የተገኘ ይመስለናል። በእርግጥ የእስክንድርን ሥዕል በፎቶ እንኳ ያሳየን ይኸው ኢንተርኔት መሆኑን አልክድም። ለዘላለም የተባሉት ቤቶች ምን እንደሆኑ ግን ልንገራችሁ።

ማይስፔስ በዘመኑ ሙዚቀኞች ዘፈናቸውን የሚያኖሩበት ትልቁ ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሰርቨር ሲዛወር ከ2016 በፊት የተጫነው ፎቶ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ መጥፋቱ ታወቀ፤ የጠፋው ዘፈን 50 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ተዘገበ። ይቅርታ ተጠየቀ፣ አለቀ። ፍሊከር የፎቶ አንሺዎች ቤት ነበር፤ በ2018 ባለቤቱ ሲቀየር በነጻ የሚገለገል ሰው ከ1,000 ፎቶ በላይ ማስቀመጥ እንደማይችልና ትርፉ እንደሚሰረዝ ተነገረው። ቤቱ ዛሬም አለ። ደንቡ ግን ሰዎቹ የገቡበት ደንብ አይደለም።

ለእኛ የበለጠ ትምህርት የሚሆነው ኤሎ የተባለው ማኅበር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ማስታወቂያ አናስገባም፣ የአባላትን መረጃ አንሸጥም ብሎ ቃል ገባ። ቃሉ የወሬ ብቻ እንዳይሆን ድርጅቱን ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ኩባንያ አድርጎ በሕግ አሰረው። ሠዓሊው፣ ፎቶ አንሺው፣ የፋሽን ሰው ሁሉ ጎረፈ። የማኅበሩ ሰዎችም ከልባቸው ይመስሉ ነበር፤ በበኩሌ ከልባቸው እንደነበር አምናለሁ። በ2018 ሌላ ኩባንያ ገዛው። በ2023 ተዘጋ። እዚያ ላይ ዓመታት ያጠራቀመ ሰው አንድ ቀን ከፍቶ ባዶ ገጽ አገኘ።

ዴቪያንትአርት ደግሞ አልተዘጋም፣ አልተቃጠለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሠዓሊዎች በፈቃዳቸው ሥራቸውን እያመጡ ያሳደጉት ቦታ ነው። በኖቬምበር 2022 ድሪምአፕ የሚባል በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥዕል የሚያመነጭ መሣሪያ ሲከፍት፣ የአባላቱ ሥራ ለማሠልጠኛ እንዲውል እንደተፈቀደ ተቆጥሮ የማይፈልግ ሰው ራሱ ገብቶ እምቢ እንዲል ደንብ አወጣ። ጩኸቱ ሲበረታ ወዲያው ደንቡን ገለበጠው፤ ዝምታ እንደ እምቢታ ይቆጠር ተባለ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ድል ያነሳዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እምቢ ለማለት መንቃት፣ ጤነኛ መሆን፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ የይለፍ ቃል ማስታወስ ያስፈልግ ነበር። የተኛ፣ የታመመ፣ የሞተ ሠዓሊ ፈቃደኛ ሆኖ ተቆጠረ። እንግዲህ በእኛ ዕድሜ ከእነዚህ ከሦስቱ ወደ አንዱ ለመግባት ብዙ አይቀረንም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠቅሱልኝ የሠዓሊዎች ማኅበር፣ ወደ ካራ ልምጣ። መሥራቿ ጂንግና ዣንግ ፎቶ አንሺ ናት፤ ሥራዋን አስመስሎ የሳለባትን ሰው ሉክሰምበርግ ውስጥ ከሳ በይግባኝ በ2024 ያሸነፈች፣ ለመብቷ የምትቆም ሴት ናት። ካራን የከፈተችው በኤአይ የመነጨ ሥዕል ከሰው ሥራ ጋር እንዳይቀላቀል ብላ ነው። በዚያው ዓመት ሜታ በፌስቡክና በኢንስታግራም ለሁሉም የተለቀቀውን ፎቶ ለኤአይ ማሠልጠኛ እንደሚጠቀምበት ሲሰማ፣ የሠዓሊው ሕዝብ በጁን መጀመሪያ ተነቅሎ ወደ ካራ ፈለሰ። 40,000 የነበረው አባል በሳምንት ገደማ 650,000 ደረሰ። ከዚያ ሒሳቡ መጣ፦ ድረ ገጹን ከሚያስተናግደው ድርጅት 96,280 ዶላር።

ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቤቱ የቆመው በጥቂት ሰዎች የበጎ ፈቃድ ጉልበት ነበር፤ ከአንዱም ሠዓሊ ኪራይ አልተጠየቀም። ሴትዮዋን አልወቅሳትም፣ እንዲያውም አከብራታለሁ። ነገር ግን አንድ ሥዕል በተለጠፈ ቁጥር የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ኤሌክትሪክ፣ ማሽንና የጥበቃ ደመወዝ ይከፍላል። እናንተ ካልከፈላችሁ ሌላ ሰው እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ሰው ሲደክመው ወይ ይሸጣል፣ ወይ ደንብ ይለውጣል፣ ወይ ይዘጋል። ቅን ሰው የከፈተው ቤት ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ስለዚህ «እነዚህ ጥሩ ሰዎች ናቸው» የሚለው መልስ እኔ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልስ አይሆንም።

«እዚያ ግን ኤአይ አይነካንም» ትሉኛላችሁ። ካራ በምትለጥፉት ሥዕል ላይ «ለኤአይ አይፈቀድም» የሚል ምልክት በኮዱ ውስጥ ታስገባለች። ምልክቱ ልመና ነው። የሚያከብር ያከብረዋል፤ ሊወስድ የመጣ ማሽን አልፎት ይሄዳል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ከዚህ የተሻለው ግሌዝ የሚባለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ያወጡት ፕሮግራም ነው። የሰው ዓይን ብዙም በማያስተውለው መጠን ፎቶውን አዛብቶ ማሽኑ የአሳሳል ስልታችሁን እንዳይቀዳ ያሳስተዋል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ዘላቂ መፍትሔ አይደለም ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ጠቃሚ ነው፣ ተጠቀሙበት። ግን ልብ በሉ፦ ግሌዝ የተደረገ ፎቶ የተዛባ ፎቶ ነው። ንጹሑን ሌላ ቦታ ካላስቀመጣችሁ ለልጅ ልጆቻችሁ የምታወርሱት የተዛባውን ነው።

አንዴ የተወሰደ ነገር አይመለስም። ላይዮን የሚባለው ድርጅት በ2022 ያወጣው ስብስብ ከኢንተርኔት የተለቀሙ 5.85 ቢሊዮን የምስልና የጽሑፍ ጥንዶች ዝርዝር ነው። ስቴብል ዲፊዩዥን የተባለው ሥዕል አመንጪ የሠለጠነው ከዚያ በተወሰደ ነው። ሳራ አንደርሰን፣ ኬሊ መከርናንና ካርላ ኦርቲዝ የተባሉ ሦስት ሠዓሊዎች በጃንዋሪ 2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሱ፤ በኦገስት 2024 ዳኛው የቅጂ መብት ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ። ይህን ለማግኘት ብቻ ከዓመት ተኩል በላይ ሄደ። እነሱ ጠበቃ ያላቸው፣ ፍርድ ቤቱ በአገራቸው ያለ፣ ገና ብርቱ የሆኑ ሰዎች ናቸው።

እኛስ? የራሳችን ሕግ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ ሥራው በተሠራበት ቅጽበት የሠሪው እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ምዝገባ እንኳ ግዴታ አይደለም። ኢኮኖሚያዊ መብቱ ሠዓሊው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ሥዕሉን የገዛ ሰው ሸራውን እንጂ የማባዛት መብቱን ገዛ ማለት አይደለም። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም «እስማማለሁ» የምትለዋን ቁልፍ ስትነኩ የምትቀበሉት ውል፣ ክርክር ቢነሳ በየትኛው አገር ፍርድ ቤት እንደሚታይ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ወስኗል፤ ያ አገር ኢትዮጵያ ሆኖ አላየሁም። የኢንስታግራምን ውል አንብቡት፦ ሥዕሉ የእናንተ እንደሆነ ይቀጥላል ይላል። ወዲያው ግን ያለ ክፍያ፣ በዓለም ሁሉ፣ እንዲያሳየው፣ እንዲቀዳው፣ እንዲለውጠው፣ ይህንንም ፈቃድ ለሌላ እንዲያስተላልፍ ትፈቅዱለታላችሁ። ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕግ መብት ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሰጥም። ያ የ50 ዓመት መብት ለልጆቻችሁ የሚጠቅመው «ይህን የሠራው አባታችን ነው፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ መጠን፣ ለዚህ ሰው ተሸጠ» ማለት ከቻሉ ነው። አብዛኞቹ ማኅበሮች ፎቶው ሲጫን አብሮት የነበረውን የቀንና የካሜራ መረጃ ይገፉታል፤ መጠኑን ያሳንሱታል፤ የቀረውን ጨምቀው ያስቀምጡታል። ከዚያ የሚመለስላችሁ ጥላ ነው።

ጥላ የምለው ለማጋነን አይደለም። አንድ ባልደረባችን የለጠፈውን ሥዕል በስልክ አየሁት። ሥዕሉን አውቀዋለሁ፣ ሲሠራም አጠገቡ ነበርኩ። መርካቶ ነው፣ ሲመሽ። ከሱቆቹ ሥር ባለው ጥላ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቡኒ አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ስስ ሐምራዊ ተደርቦ ጥላው እንዲተነፍስ አድርጎታል። ከፊት ያለችው ሴት ነጠላ ነጭ ይመስላል እንጂ ነጭ አይደለም፤ ቢጫና ግራጫ በቢላ እየተጎተተ የተሠራ ነው፣ ቀለሙ ከሸራው ላይ ጎላ ብሎ ቆሟል። ስልኩ ላይ ያ ሁሉ ጥላ አንድ ጥቁር ግድግዳ ሆኗል። ነጠላው በፍሎረሰንት መብራት ተነስቶ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። የቢላው ጉተታ የለም። ሸራው የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው አጥሮ፣ ሥዕሉ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ሥዕሉ ከጊዜ በኋላ ተሽጦ ሄደ፤ ለማን እንደሆነ በቅጡ የሚያውቅ የለም። የቀረው ያ ፎቶ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለዚህ ሰው የሚጽፍ ተመራማሪ «ቀለም አያውቅም ነበር» ብሎ ቢጽፍ በምን እንከራከረዋለን?

ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት መዝግቡ። ውድ ካሜራ አያስፈልግም፣ የልጆቻችሁ ስልክ ይበቃል፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ሥዕሉን ወደ በረንዳ አውጡት፤ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ ብርሃኑ ግን እኩል በሚደርስበት ቦታ አቁሙት። ፍላሽ አጥፉ። የስልኩን መስተዋት ጥረጉ፤ በሊጥ ወይም በቀለም ጣት የተነካ መስተዋት ስንቱን ሥራ ጭጋግ አልብሶታል። ስልኩ ከሥዕሉ መሐል ትይዩ ይሁን፣ ሳያዘነብል። ከሥዕሉ ጎን አንድ ነጭ ወረቀት አብሮ ይነሳ፤ ወደፊት ቀለሙን የሚያስተካክል ሰው ከወረቀቱ ተነስቶ ትክክለኛውን ያገኘዋል። ከዚያ ብርሃን ከጎን አድርጋችሁ አንድ ሌላ ፎቶ አንሱ፤ የቀለሙ ውፍረት፣ የብሩሹ አቅጣጫ፣ የቢላው ምልክት የሚታየው በዚያ ነው። የሥዕል ሐሰተኛ ቅጂ የሚሠራ ሰው መልኩን ይመስለው ይሆናል፤ ያን ግን ለመምሰል ይቸገራል።

ከዚያ አዙሩት። የሥዕል ጀርባ ብዙዎቻችን የምንንቀው ነገር ነው። ሸራው አቡጀዲ ይሁን ሌላ፣ ማን እንደወጠረው፣ ምስማሩ፣ የኤግዚቢሽን ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈ ርዕስ፣ የተሰረዘ ዋጋ ሁሉ እዚያ አለ። አንዱንም ሳታጸዱ አንሱት። ቁመቱንና ወርዱን በሜትር ለኩ፤ ቁመቱን አስቀድሙ። በደብተር ጻፉት፣ በእስክሪብቶ፦ ርዕስ፣ ዓመት፣ በምን ላይ በምን እንደተሠራ፣ መጠን፣ አሁን የት እንዳለ። ዓመቱን እንደ እኛ አቆጣጠር መሆን አለመሆኑን ለዩ፤ ፈረንጁ 1985 ሲያይ የራሱ መስሎት ሥራችሁን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

ፎቶዎቹን ስታስተላልፉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ። እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ ልጆቻችሁ ይህን ያውቃሉ ግን ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም። አንዱ ቅጂ በቤት ውስጥ በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። ሌላው በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር ባለ ዘመድ ቤት ይሁን፤ ቤት ይቃጠላል፣ ቤት ይፈርሳል፣ ሌባም ኮምፒውተር ይወስዳል። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። ማኅበሩ ላይ የሚለጠፈው ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የተሠራ ትንሽ ቅጂ ይሁን፤ ረጅሙ ጎኑ 1,000 ፒክስል ቢሆን በስልክ ለሚያይ ሰው ይበቃዋል፣ አሳትሞ ለሚሸጥ ሌባ ግን አይበቃውም። ስማችሁን በሥዕሉ መሐል በትልቁ አትጻፉበት፤ ሥዕሉን ታበላሹታላችሁ እንጂ ሌባውን አታቆሙትም።

ስለ ገዢ ነን ባዮች በአጭሩ። በገባችሁ በሳምንቱ የማታውቁት ሰው በጣም ትሑት በሆነ ቋንቋ ይጽፍላችኋል። የባለቤቱ ልደት ወይም የጋብቻ በዓል ደርሷል፣ ሥራችሁን ወዳዋለች፣ ዋጋ አይከራከርም። ቼክ እልካለሁ፣ አሜሪካ ያለው ልጅዎ በሒሳቡ ያስገባው ይላል። ቼኩ ከዋጋው በልጦ ይመጣል፤ ትርፉን ለዕቃ ላኪው አስተላልፉልኝ ይባላል። ባንኩ ገንዘቡን በቀናት ውስጥ ስለሚለቅ ቼኩ ጸድቋል ብላችሁ ትርፉን ትልካላችሁ። ከሳምንታት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል፤ ባንኩም ሙሉውን ከልጃችሁ ይጠይቃል። ሌላኛው ሥዕሉን በኤንኤፍቲ (በኢንተርኔት በሚመዘገብ የባለቤትነት ምልክት) በብዙ ሺህ ዶላር እገዛለሁ ይልና በቅድሚያ የመመዝገቢያ ክፍያ በእሱ ድረ ገጽ ላይ እንድትከፍሉ ይጠይቃል። ሥዕል የሚገዛ ሰው ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። በዚህ የተጎዳ ሰው በመካከላችን አለ፤ በእፍረት ዝም ብሏል፣ ስሙን አልጠራም። ልጁም እስከ ዛሬ ዕዳውን እየከፈለች ነው።

ስለ ላይክ ብዙ አልናገርም፤ ገና በሠላሳ ዓመታችን ያላሳሳተን ጭብጨባ በዚህ ዕድሜ ያሳስተናል ብዬ አላስብም። አንድ ነገር ብቻ ታዝቤአለሁ። ሁለት ሜትር ሸራ ላይ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች በስልክ ጥሩ የሚታየው ደማቅና ቀላል ነው ብለው ሥራቸውን ማሳነስ ጀምረዋል። ቢያንስ ራሳቸው መርጠውት ከሆነ ይሁን።

የሚያስጨንቀኝ የመጨረሻው ነገር እኛ ከሄድን በኋላ ያለው ነው። አካውንቱ የተከፈተው በስልክ ቁጥራችሁ ነው። ስትሞቱ ልጆቻችሁ ሊገቡ ሲሞክሩ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ለዚያ ስልክ ነው። ካርድ ያልተሞላበት መስመር ይዘጋል፤ ቆይቶም ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ የማረጋገጫው መልእክትም ለዚያ ለማታውቁት ሰው ይደርሳል። የሞት የምስክር ወረቀት ከአማርኛ ተተርጉሞ፣ ተረጋግጦ፣ ማን እንደሚያነበው ለማይታወቅ ድርጅት ይላካል። እስከዚያ ገጹ እንደ ቆመ ይቆያል፤ ደንቡ ቢለወጥ እምቢ የሚልለት የለም፣ አጭበርባሪ በስማችሁ ቢሸጥ የሚከለክለው የለም።

ስለዚህ በዚያው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ የገባችሁበትን ማኅበር ሁሉ ስም ጻፉ፤ በየትኛው ኢሜይልና በየትኛው ስልክ እንደከፈታችሁት፣ የይለፍ ቃሉ የት እንደተቀመጠ። ከልጆቻችሁ አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ኃላፊ አድርጉ፤ ለሁሉም የተሰጠ አደራ ለማንም አልተሰጠም። ገጹ እንዲዘጋ ትፈልጉ እንደሆነ ወይም እንዲቆይ፣ በምን ሁኔታ እንዲቆይ፣ በፊርማችሁ አስቀምጡለት። ደግሞም ቀድመውን ያረፉ ጓደኞቻችን ሥራ በቤታችሁ የተንጠለጠለላችሁ ከእኔ ጋር አላችሁ፤ የእነሱን ከእናንተ ሥራ አስቀድማችሁ አንሱ፤ ጀርባውንም ጭምር። ፎቶውንም ለቤተሰቦቻቸው አድርሱ። የማን ቤተሰብ የት እንዳለ ያላወቃችሁ ጠይቁኝ፤ የምችለውን ያህል አገናኛለሁ።